ላይሰንስ ላለው አማካሪ የክሊኒካል ሴክሶሎጂ ዶክትሬት ያስፈልጋል?

ጠያቂ፦ ላይሰንስ ያለኝ የጥንዶች አማካሪ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ሰሞኑን አንዲት ደንበኛዬ "ግንኙነት ስናደርግ ያመኛል" አለችኝ። እኔ ሆዬ ደንግጬ ወሬውን ወደ ባሏ ሥራ አዞርኩት! ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። አሁን የክሊኒካል ሴክሶሎጂ (የወሲብ ችግሮችን የሚያጠናና የሚያክም ሙያ) ዶክትሬቱን ልማር እያልኩ ነው። የተማራችሁ፣ ያዋጣል?

መልስ 1፦ እኔ ጨርሻለሁ። ግን አትቸኩዪ፤ ለመሥራት የግድ ዶክትሬት አያስፈልግም። በ1967 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው የወሲብ አስተማሪዎች፣ አማካሪዎችና ቴራፒስቶች ማኅበር አሴክት ማስተርስ ላለውም የሴክስ ቴራፒስት ሰርተፊኬት ይሰጣል። ተጨማሪ ሥልጠናና በሱፐርቪዥን (ልምድ ባለው ባለሙያ ክትትል) የተሠራ ሰዓት ግን ይጠይቃል። እኔን የለወጠኝ የመመረቂያ ጽሑፉ (ሦስት ዓመት በላብኝ!) ሳይሆን የራስን አመለካከት የሚፈትሸው ሥልጠና ነው። የምታፍሪበትን ሁሉ ያነሱና "ምን ተሰማሽ?" ይሉሻል። የመጀመሪያው ቀን ላብ በላብ ሆኜ ነው የወጣሁት። ለማስተማርና ለምርምር ከሆነ ግን ግቢበት። የትምህርት ቤቱን እውቅና ቀድመሽ አጣሪ።

መልስ 2፦ መጀመሪያ ደንበኛሽን ወደ ማህፀን ሐኪም ላኪያት። ሕመም ሁሉ ከጭንቀት አይመጣም። ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያው ጃክ አኖን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጣውን፣ የወሲብ ችግር ያለበትን ሰው በደረጃ ለመርዳት የሚያገለግል ፕሊሲት የሚባል ሞዴል እዪ። የመጀመሪያው ደረጃ ሰው ስለ ጉዳዩ እንዲያወራ ፈቃድ መስጠት ነው። ለዚህ ዲግሪ አያስፈልግም።

ጠያቂ፦ ልክ ነሽ። ነገ እደውልላታለሁ።