«ሌላው ሪማርክ ላይ ይጻፍ»፦ የቡና ካታሎግ እንዴት ይደራጅ?

ሎት ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን በነበረው የቡና ላኪዎች ሥልጠና አሠልጣኙ «ካታሎጉን አታጨናንቁት፤ ገዢ የሚያውቀው ይርጋጨፌን ነው፤ ሌላው ሪማርክ ላይ ይጻፍ» ሲል አዳራሹ አጨበጨበለት። እኔ ግን አንጀቴ አረረ። ቀበሌው፣ ማጠቢያ ጣቢያው፣ ዝርያው፣ ከፍታው ሁሉ ሪማርክ በተባለ አንድ የማስታወሻ ሳጥን ውስጥ ታጭቆ ገዢ በምን ፈልጎ ያገኘዋል? ለእያንዳንዱ የራሱ ኮለም ይከፈትለት።

ቡና ከቦሌ፦
ወንድሜ፣ ኮለም መክፈቱ አይከብድም። የሚሞላው ማን ነው? አቅራቢ የሚሰጠኝ ወረቀት አካባቢ፣ ደረጃና የጆንያ ብዛት ብቻ ነው ያለው። ለገዢ ባዶ ኮለም ከማሳይ ሪማርክ ይሻለኛል። ሰውየው ልክ ነው።

ሎት ቆጣሪ፦
ባዶው ኮለም ምን እንደጎደለህ ይነግርሃል፣ አቅራቢህንም ትጠይቅበታለህ። ሪማርክ ግን ጉድለቱን ይሸፍንልሃል። የምትወዱትም ለዚህ ነው።

የዳታ ሠራተኛ፦
እኔ በየቀኑ የማየውን ልናገር። ዝርያ ተብሎ 74110 ይመጣል። ኮለሙ በቁጥር መልክ ከተዘጋጀ ኤክሴል 74,110 ብሎ ኮማ ያስገባበታል፤ አንድ ገዢ የኪሎ መጠን መስሎት ጠይቆናል። የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል መለያ ነው እኮ፤ 74ቱ የተመረጠበት ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. 1974። አይደመርም፣ አይቀነስም፤ በጽሑፍነት ይመዝገብ። ከፍታ ደግሞ ተቃራኒው ነው። «ከ1900 እስከ 2100 ገደማ» ብለህ በጽሑፍ ካስገባህ፣ ከ2000 ሜትር በላይ ያለውን አውጣልኝ ስትለው ሲስተሙ አያወጣልህም። ዝቅተኛ አንድ ኮለም፣ ከፍተኛ አንድ ኮለም፣ ሁለቱም ቁጥር ይሁኑ።

ቡና ከቦሌ፦
ይሄ ሁሉ ለስፔሻሊቲ፣ ማለትም ጥራቱ ለላቀው ቡና ነው። ደረጃ 4 ደረቅ ቡና በኮንቴይነር የሚወስድ ሰው ዝርያ ጠይቆኝ አያውቅም።

የዳታ ሠራተኛ፦
ለእሱማ የተለየ የአትሪቢውት (የመግለጫ ኮለሞች) ስብስብ ይሠራለታል። ደረጃ፣ እርጥበት፣ ስክሪን ሳይዝ (የፍሬው መጠን) እና የምርት ዘመን የጋራ ይሆናሉ፤ ዝርያ፣ ጣቢያና የቅምሻ ነጥብ ለስፔሻሊቲው ብቻ ይከፈታሉ። ሪማርክን ምን አመጣው?

የጌዴኦ ልጅ፦
ዋናውን ነገር ዘለላችሁት። «ገዢ የሚያውቀው ይርጋጨፌን ነው» ማለት ምን ማለት ነው? የሌላ አካባቢ ቡና በይርጋጨፌ ስም ይሸጥ ነው? ስሙ የተመዘገበ የንግድ ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከመንግሥት ጋር እስኪፈራረም የተለፋው ስሙ ዋጋ ስላለው ነው። እናንተ በነፃ ታድሉታላችሁ።

ሻኪሶ፦
እኛስ መቼ ፈለግነው? የጉጂ ቡና ለስንት ዘመን በሲዳሞና በይርጋጨፌ ስም ሲወጣ ኖረ። ዛሬ ጉጂ ብሎ የሚጠይቅ ገዢ አለን። ርዕሱ ላይ ይርጋጨፌ፣ ሪማርኩ ላይ የጉጂዋን ወረዳ ሐምበላን የሚጽፈው ላኪ ነው እንጂ ገበሬው አይደለም።

ቡና ከቦሌ፦
እኔን ነው?

ሻኪሶ፦
የሚጽፉት ራሳቸውን ያውቃሉ።

ሎት ቆጣሪ፦
መፍትሔው የንግድ ስሙንና የበቀለበትን ቦታ መለየት ነው። ቦታውም ቢሆን ክልል ብቻ ብሎ አይበቃም። ሲዳማ እ.ኤ.አ. በ2020፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2023 ክልል ሆኑ፤ የድሮ ሎቶቻችን (በአንድ ላይ የሚሸጡ የቡና ክምችቶች) ግን ዛሬም «ደቡብ» ይላሉ። ወረዳና ቀበሌ ከዝርዝር ይመረጥ፣ እጅ አይንካው።

አንጋፋ ቀማሽ፦
ልጆች፣ ይህን ነገር አይተነዋል። ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል በአካባቢና በደረጃ ተቧድኖ ሲሸጥ የጣቢያው ስም መንገድ ላይ ይቀር ነበር። እኔ ቀምሼ የወደድኩትን ቡና ከየት እንደመጣ የሚነግረኝ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2017 የግብይት ማሻሻያው መጥቶ ስሙ ከነምንጩ እንዲሄድ ተፈቀደ። ያን ያህል የተለመነበትን ስም መልሳችሁ ሪማርክ ውስጥ አትቅበሩት።

ሃምቡርግ ያለሁት፦
ከገዢ በኩል ልናገር። ባለፈው ዓመት «የምርት ዘመን 2017» የሚል ካታሎግ ደረሰን። አለቃዬ የስንት ዓመት አሮጌ ቡና ነው የላኩልን ብሎ ሊዘጋው ሲል ነው የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ያስረዳሁት። 2024/25 ተብሎ ይጻፍ፣ አለቀ። ሌላው ደግሞ ደን ተጨፍጭፎ የበቀለ ቡና እንዳይገባ የሚከለክለው የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ ነው። የማሳውን ኬክሮስና ኬንትሮስ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ በስድስት አኃዝ ይጠይቃል፤ ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ደግሞ ዙሪያውን። ይሄም ሪማርክ ላይ ይጻፍ?

ቡና ከቦሌ፦
ሕጉ ተራዝሟል እኮ። ደግሞስ የአንድ ሎት ቡና ከስንት መቶ ገበሬ ነው የሚሰበሰበው? የየማሳውን ልኬት ወጪ ማን ይችላል፣ አንተ ነህ?

ሃምቡርግ ያለሁት፦
ተራዘመ እንጂ አልተሻረም። ወጪውን ገዢም ይጋራ ካላችሁ አብሬያችሁ እጮኻለሁ። ግን የምትጋሩትን መረጃ የምታስቀምጡበት ቦታ ሳይኖራችሁ በምን ትደራደራላችሁ?

ቡና ከቦሌ፦
መጀመሪያ ብሩ ይምጣ፣ ኮለሙ ይደርሳል።

ሻኪሶ፦
ለጥያቄዬ ግን አልመለስክም። ሐምበላን ርዕሱ ላይ ትጽፋለህ ወይስ አትጽፍም?