ክርክር፦ የነጥብ አሰጣጡ ፊገር ስኬቲንግን አዳነው ወይስ ገደለው?

የድሮ ተመልካች፦
ቀጥታ ልጠይቅ። በ2004 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የመጣው የነጥብ አሰጣጥ ፊገር ስኬቲንግን፣ ማለትም በሙዚቃ የሚሠራውን የበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ለእኛ ለተመልካቾች አሳመረልን ወይስ አበላሸብን? እኔ አበላሸ ባይ ነኝ። ድሮ ዳኛው ከ6.0 ሁለት ነጥብ ይሰጣል፣ አንዱ ለቴክኒክ፣ አንዱ ለአቀራረብ፣ አለቀ። በ1984 ሳራዬቮ ኦሎምፒክ ላይ እንግሊዛውያኑ ጥንዶች ቶርቪልና ዲን ሲጨርሱ ዘጠኙም ዳኞች ለአቀራረብ 6.0 ሰጡ። ስለ ስፖርቱ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳን የሆነውን ነገር ተረዳ። ዛሬ ግን መቶ ሰማንያ ምናምን ነጥብ ከነ ሽርፍራፊው ይነበብልኛል። ይሄ ብዙ ነው ትንሽ? ማጨብጨብ አለብኝ?

ነጥብ ቆጣሪ፦
6.0ን ስትናፍቅ 2002ን ዘለልካት ወዳጄ። ሶልት ሌክ ሲቲ ኦሎምፒክ ላይ በጥንዶች ውድድር ሩሲያውያኑ ቤሬዥናያና ሲካሩሊዴዝ በ5 ለ4 የዳኞች ድምፅ አሸነፉ። ሲካሩሊዴዝ አንድ ዝላይ ላይ ተንገዳግዶ ነበር፣ ካናዳውያኑ ሳሌና ፔልቲዬ ግን ንጹሕ ሠርተዋል። ቀጥሎ ፈረንሳዊቷ ዳኛ ጫና ተደርጎብኛል አለች፣ ዓለም ተንጫጫ፣ ለካናዳውያኑም ሁለተኛ ወርቅ ተሰጠ። አዲሱ አሠራር የመጣው ከዚህ ጉድ በኋላ ነው። አሁን እያንዳንዱ ዝላይና ሽክርክሪት የራሱ መነሻ ዋጋ አለው፣ ዳኞች ለጥራቱ ከ-5 እስከ +5 ይሰጣሉ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ተጥሎ የቀረው በአማካይ ይሰላል። የተሸነፈ ሰው ወረቀቱን አይቶ የት እንደተሸነፈ ያውቃል። በ6.0 ዘመን ይሄ የት ነበር?

ሰማያዊ ጫማ፦
ፍትሑን ተዉት፣ እሱ ላይ አልከራከርም። የእኔ ቅሬታ ፕሮግራሞቹ ሁሉ አንድ ፋብሪካ የወጡ መምሰላቸው ነው። 2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክን አስታውሱ። በሁለተኛው አጋማሽ ለሚሠራ ዝላይ 10 በመቶ ጭማሪ ነበረ። ሩሲያዊቷ ዛጊቶቫ ከሁለቱ ፕሮግራሞች ረጅሙን (ነጻ የሚባለውን) ስትሠራ ሰባቱንም የዝላይ ሙከራዎች ወደ ሁለተኛው አጋማሽ ወሰደቻቸው። መጀመሪያ ላይ ሽክርክሪት፣ እርምጃ፣ እጅ ማወዛወዝ። ከዚያ ዝላይ በዝላይ። በረጅሙ ፕሮግራም እሷና የአገሯ ልጅ ሜድቬዴቫ እኩል 156.65 አገኙ፣ ወርቁ ግን አጭሩ ተጨምሮበት በአጠቃላይ ድምር በ1.31 ነጥብ ልዩነት ወደ ዛጊቶቫ ሄደ። ልጅቷን አልወቅስም። ሕጉ የሚከፍልበትን ሠራች። ግን ሙዚቃው ዝላይ ሲጠይቅ ሳትዘል፣ ሙዚቃው እረፍት ሲጠይቅ እየዘለለች ሳይ እኔ ምን ልደሰት?

ነጥብ ቆጣሪ፦
እሱ እኮ ወዲያው ተስተካከለ። ከዚያ የውድድር ዘመን በኋላ ጭማሪው በአጭሩ ፕሮግራም ለመጨረሻው አንድ ዝላይ፣ በረጅሙ ለመጨረሻዎቹ ሦስት ብቻ ሆነ።

ሰማያዊ ጫማ፦
አዎ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ልክ ሦስት ዝላይ ለመጨረሻ ያስቀምጣል 😄 ሽክርክሪቱንም ተመልከቱ። ከፍተኛውን ደረጃ፣ ደረጃ አራትን፣ ለማግኘት አስቸጋሪ አቋም ወይም የእግር ቅያሬ ወይም ስምንት ዙር የመሳሰሉ ነገሮች ስለሚያስፈልጉ፣ ቀጥ ብሎ በፍጥነት መሽከርከር የሚያምርለት ሰው ሁሉ እግሩን ይዞ ይጣመማል። ለአንዳንዱ ያምርበታል፣ ብዙዎቹ ግን ስቃይ ላይ ያሉ ነው የሚመስሉት። እጅን ሽቅብ ዘርግቶ መዝለልም እንደዚሁ። ድሮ አሜሪካዊው ብሪያን ቦይታኖ ሲያደርገው ብርቅ ነበር። ጥራት ላይ ይጨምራል ሲባል ግን ሁሉም ያዘው፣ በየዝላዩ ያው እጅ።

ኳድ ወዳጅ፦
እኔ የመጣሁት ለዝላይ ነው፣ አላፍርበትም። በ2010 ቫንኩቨር ላይ አሜሪካዊው ላይሳቼክ ያለ አንድም የአራት ዙር ዝላይ (ኳድ) ሩሲያዊውን ፕሉሼንኮን አሸንፎ ወርቅ ወሰደ፣ 257.67 ለ256.36። ፕሉሼንኮ ኳዱን ከሦስት ዙር ጋር አያይዞ ሠርቶ ብር ወሰደ። ያኔ ሰው ሁሉ "ስፖርቱ ወደ ኋላ ሄደ" ብሎ ጮኸ። ኳድ ሲበዛ ደግሞ "ጥበቡ ሞተ" ትላላችሁ። እናንተን የሚያስደስት ሕግ ማን ያውጣ?

ደግሞ ሰው ሁሉ ለነጥብ ብቻ ይሠራል የሚለውን አልቀበልም። አክሰልና ሉትዝ የሚባሉትን የዝላይ ዓይነቶች እዩ፦ አራት ዙር አክሰል መነሻ ዋጋው 12.50 ነው፣ አራት ዙር ሉትዝ 11.50። በአክሰል ፊት ለፊት ተነስተህ ተጨማሪ ግማሽ ዙር በአየር ላይ ዞረህ የምታተርፈው አንዲት ነጥብ! ሂሳብ የሚያውቅ ሰው አይሞክረውም። ጃፓናዊው ሀንዩ ግን ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ይዞ ቤይጂንግ 2022 ላይ ሞከረው፣ ወደቀ፣ አራተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት መስከረም አሜሪካዊው ማሊኒን በውድድር ላይ አሳረፈው፣ በታሪክ የመጀመሪያው ሆነ። ይሄን የነጥብ ሰንጠረዥ አላዘዘም።

የድሮ ተመልካች፦
ጥሩ፣ ስለ መውደቅ እናውራ እንግዲህ። ከ2018 በፊት አራት ዙር ሉትዝ 13.6 ነበር። ዙሩን ሞልተህ ብትወድቅ 4 ነጥብ ከጥራት፣ 1 ነጥብ ለመውደቅ ይቀነስና 8.6 ይዘህ ትነሳለህ። ንጹሕ ሦስት ዙር ሉትዝ የሠራው ጎረቤትህ ግን መነሻው 6.0 ነበር። መሬት ላይ የተዘረረው ቆሞ ከሚሄደው ሲበልጥ ማየት ምን ዓይነት ደስታ ነው?

ነጥብ ቆጣሪ፦
ጥያቄህ ልክ ነው፣ ግን ያለፈ ነው። አሁን የወደቀ አራት ዙር ሉትዝ 11.50 ሲቀነስ 5.75 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 4.75 ነው። ንጹሑ ሦስት ዙር 5.90። እንዴት ተስተካከለ? ቁጥሩ በወረቀት ላይ ስለነበረ፣ ሰው ደምሮ ስላሳየ። "ዳኛው እንዲህ ተሰማው" የሚል አሠራር ላይ ምኑን ታስተካክላለህ?

ዝም ብዬ የማይ፦
ከእናንተ ያነሰ ነው የማውቀው፣ ግን አንድ ነገር ልበል። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችው የነጥብ ሳጥን ነው እኔን የገደለችኝ። ዝላዩ ሲያልቅ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ወይም "እየታየ ነው" ለማለት ቢጫ ትሆናለች። ዓይኔ ወደ ሰውየው መሆኑ ቀርቶ ወደ ሳጥኗ ሆነ። አንዴ በወረቀት ሸፍኜ አየሁ፣ በእውነት ሌላ ስፖርት ነው።

ኳድ ወዳጅ፦
እኔ ያለሷ ማየት አልችልም 😂 ልብ ስቅል የሚያደርገው እሷ ናት።

የድሮ ተመልካች፦
ነጥብ ቆጣሪ፣ ወረቀቱ ስላሳየ ተስተካከለ ካልክ ይሄንንም አስተካክልልኝ። የአቀራረብ ነጥብ ጣሪያ አለው። በወንዶች ረጅም ፕሮግራም መቶ ገደማ ላይ ያበቃል። ቴክኒኩ ጣሪያ የለውም፣ ኳድ በጨመርክ ቁጥር ይወጣል። አሜሪካዊው ጄሰን ብራውን ቤይጂንግ ላይ አንድም ኳድ ሳይሞክር ስድስተኛ ወጣ፣ እኔ ያን ቀን ደጋግሜ ያየሁት የእሱን ነው። የሚችለውን ሁሉ ፍጹም አድርጎ ቢሠራ እንኳን ወደ ሜዳሊያው የሚያደርስ መንገድ አልነበረውም። በ2022 የአቀራረብ መመዘኛዎቹን ከአምስት ወደ ሦስት አወረዷቸው፣ ጣሪያው ግን እዚያው ነው።

ነጥብ ቆጣሪ፦
እሱን እቀበላለሁ፣ ሚዛኑ ወደ ዝላይ አዘንብሏል። ግን ድሮ ለተመልካች ይመች ነበር የሚለው ተረት ነው። በ1972 ሳፖሮ ኦሎምፒክ ላይ ኦስትሪያዊቷ ትሪክሲ ሹባ ያኔ የውድድሩ ክፍል በነበረው፣ በረዶው ላይ ክብና ስምንት ቅርጽ በመሥራት በሰፊው መርታ ወርቅ ወሰደች፣ በነጻው ፕሮግራም ግን ሰባተኛ ነበረች። በነጻው አንደኛ የነበረችው፣ ሕዝቡም ያበደላት ጃኔት ሊን ነሐስ። በ1982 ደግሞ ኢሌን ዛያክ የዓለም ሻምፒዮን ስትሆን ያንኑ ቀላል የሦስት ዙር ዝላይ እየደጋገመች ነበር፣ ከዚያ መድገም በሕግ ተገደበ። ተወዳዳሪ ቀዳዳ ያገኛል፣ ሕግ ይደፍነዋል። በ6.0ም እንዲሁ ነበር።

ሰማያዊ ጫማ፦
ታዲያ እኔ 6.0 ይመለስ አላልኩም እኮ! የምለው ሁሉንም አትቁጠሩ ነው። ኮሬዮግራፊ ሲኩዌንስ የሚባለውን፣ ተወዳዳሪው እንደ ፈለገ የሚንቀሳቀስበትን ክፍል፣ እዩ። ደረጃ የለውም፣ መነሻው ቋሚ 3 ነጥብ ነው፣ ዳኛ የሚያየው ጥራቱን ብቻ። እና ምን ሆነ? ብዙ ፕሮግራም ውስጥ ሰው የሚጮህለት እሱ ቦታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ተወዳዳሪው ምን መሥራት እንዳለበት አልተነገረውም፣ አንዱ በጉልበቱ ይንሸራተታል፣ ሌላው አንድ እግሩን ሰቅሎ ሜዳውን ያቋርጣል። ከ2024 ወዲህ የኋልዮሽ ግልባጩም ተፈቅዷል፣ ፈረንሳዊቷ ሱሪያ ቦናሊ በ1998 ናጋኖ ላይ ሕጉን ጥሳ በአንድ እግር ያረፈችበት። ሁለት እንዲህ ዓይነት ቦታ ስጡ፣ ከዝላዮቹ አንዱን ቀንሱ።

ኳድ ወዳጅ፦
በ2018 የወንዶቹን ዝላይ ከስምንት ወደ ሰባት ቀነሱ። ምን አተረፍሽ?

ሰማያዊ ጫማ፦
አብረው ፕሮግራሙንም ከአራት ደቂቃ ተኩል ወደ አራት አወረዱት እኮ! አንድ ዝላይ ሰጥተው 30 ሰከንድ ወሰዱብን። ሰውየው የሚተነፍስበት ጊዜ መቼ ተረፈ? መጀመሪያ ሰላሳ ሰከንዷን ይመልሱና ከዚያ እንነጋገር።

ነጥብ ቆጣሪ፦
ብትመለስ ሰላሳዋን ሰከንድ ለኳድ መንደርደሪያ ነው የሚያደርጓት።

ሰማያዊ ጫማ፦
ሰባት ዝላይ ብቻ ከተፈቀደ ለስንተኛው ነው የሚንደረደሩት?

ነጥብ ቆጣሪ፦
ለሰባቱም፣ ረዘም አድርገው 😄