ክርክር፦ የመመረቂያ ጥናት ስሌት ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይገባል ወይ?

የታቦር ልጅ፦
ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ ሐዋሳ ለሁለተኛ ዲግሪ ተማሪዎች በተዘጋጀ የምክክር መድረክ ላይ አንድ ተናጋሪ «ስሌት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ተማሪው ሐሳቡን ይያዝ» ሲሉ ሰማሁ፤ አዳራሹም አጨበጨበላቸው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ላይ «ዳታ እናስገባለን፣ እንተነትናለን፣ ምዕራፍ አራትን እንጽፋለን» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ማየት ከለመድን ቆይተናል፤ እስከ አሁን ግን ቢያንስ ሰው እያፈረ ነበር የሚገባው። አሁን በመድረክ የሚመከር ነገር ሆነ። አንድ የማኅበራዊ ጥናት ተማሪ ከሰዎች የሰበሰበውን መልስ ራሱ ካልቆጠረ፣ ካላነጻጸረ፣ ይህን የስሌት መንገድ መርጦ ሌላውን ለምን እንደተወ ማስረዳት ካልቻለ፣ ይያዘው የተባለው ሐሳብ የትኛው ነው? በዚህ ቡድን ውስጥ ያላችሁ መምህራንም ተማሪዎችም በግልጽ እንድትናገሩ እጠይቃለሁ።

ባለ ኮምፒውተሩ፦
ያንን ወረቀት ከሚለጥፉት አንዱ እኔ ነኝና ልመልስ። እህቴ፣ በሕክምና ጥናት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ማሠራት በዓለም ሁሉ የተለመደ ነው፤ ሐኪሙ ስሌቱን አልሠራም ተብሎ ጥናቱ አይነጠቅም። እኔ ዘንድ የሚመጡት ተማሪዎች ሰነፎች አይደሉም። ቀን ሥራ ውለው ማታና ቅዳሜ የሚማሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ፣ አንዳንዶቹም ከይርጋለምና ከሻሸመኔ የሚመላለሱ ናቸው። ስታቲስቲክስን የተማሩት በአንድ መንፈቅ ነው፤ ያንንም በሰሌዳ ላይ ቀመር እየተጻፈላቸው እንጂ የእውነተኛ ሰዎች መልስ የተመዘገበበት ሰንጠረዥ አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶላቸው አይደለም። ያላስተማሩትን ነገር ተማሪው ጥናቱን በፈታኞች ፊት በሚያቀርብበት በመከላከያው ቀን መጠየቅ ፍትሕ ነው ወይ? ቤት የሚያሠራ ሰው መሐንዲስ ይቀጥራል፤ ብረቱን ራስህ አስላ የሚለው የለም።

መምህሩ፦
ቤት ያሠራው ሰው በምሕንድስና ዲግሪ አይሰጠውም። ተማሪው ግን ዲግሪ የሚሰጠው ጥናት ማድረግ ይችላል ተብሎ ነው።

ስለ ሕክምና ጥናት የተነሳውም ቢሆን በትክክል መነገር አለበት። በዚያ ሥራ የስታቲስቲክስ ባለሙያው የሚገባው መረጃው ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ዕቅዱ ሲወጣ ነው፤ ስሙም ከአጥኚዎቹ ጋር ይጻፋል። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1938 በሕንድ በተካሄደ የስታቲስቲክስ ጉባኤ ላይ ሲናገር፣ ሙከራው ካለቀ በኋላ ባለሙያ ማማከር አስከሬን እንዲመረምር ከመጥራት እንደማይለይ፣ ባለሙያውም ምናልባት ሙከራው በምን እንደሞተ ይናገር ይሆናል እንጂ ሌላ ነገር እንደማያደርግ አስረድቶ ነበር። ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚመጣው ተማሪ ደግሞ የሚመጣው 300 የተሞላ መጠይቅ በፌስታል ይዞ፣ ለመከላከያው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

የ300ውን ነገር ካነሳሁ አይቀር ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚሰላበትን የያማኔን ቀመር እናንሳ። በእኛ አካባቢ ከሚጻፉት ጥናቶች ምዕራፍ ሦስት ላይ እርሱን የማይጠቅስ እየጠፋ ነው። የስሕተት ወሰኑ 5 በመቶ ሲሆን፣ የሕዝቡ ብዛት 1200 ከሆነ 300 ሰው ይወጣል፤ 4000 ከሆነ 364 ይወጣል፤ ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ውጤቱ ከ400 አያልፍም። ይህ ሁሉ ትርጉም የሚኖረው ግን እያንዳንዱ ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል ኖሮት ናሙናው በዕጣ ሲወጣ ብቻ ነው። ቁጥሩን በቀመር አግኝቶ መጠይቁን በር ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ ያደለ ተማሪ ከቀመሩ የወሰደው ማዕረጉን ብቻ ነው።

ከሐይቅ ዳር፦
እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምሠራ፣ መጠይቅ የሚሞላ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ከሌላኛው ወገን ያለውን ልናገር። ሚያዝያና ግንቦት ሲደርሱ ጠረጴዛዬ ላይ የተማሪዎች መጠይቅ ይከመራል። አንዱ ስልሳ ጥያቄ አለው፤ ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» ተብሎ እስከ «በጣም አልስማማም» አምስት ሣጥን የተዘረጋለት ነው። ባለጉዳይ ቆሞ እየጠበቀኝ ስልሳውን አንብቤ እሞላለሁ ብዬ ማንንም አላታልልም፤ ባልደረቦቼም አራተኛውን ሣጥን ከላይ እስከ ታች ምልክት አድርገውበት ይመልሳሉ። አለቃው በተቀመጠበት ቢሮ ውስጥ ስለ አለቃው አመራር የሚጠይቅ ወረቀት ሲታደልም አይቻለሁ። አንድም ተማሪ ተመልሶ መጥቶ «ለምን ሁላችሁም አንድ ዓይነት መለሳችሁ?» ብሎ የጠየቀን የለም።

መምህሩ፦
ከሐይቅ ዳር የጻፉልን ወንድማችን የነገሩን ነገር በስሌቱ ላይ ምን እንደሚያደርግ ላስረዳ። የመጠይቁን አስተማማኝነት ለማሳየት ተማሪው ክሮንባክ አልፋ የሚባለውን ልኬት ይጠቀማል፤ ሊ ክሮንባክ እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ነው፤ ከ0.70 በላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም እፎይ ይላል። ይህ ልኬት የሚለካው ጥያቄዎቹ እርስ በርሳቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ነው። አንዱ ባልደረባ አራተኛውን ሣጥን፣ ሌላው ሦስተኛውን ከላይ እስከ ታች ከሞሉት መልሶቹ ፍጹም አብረው ይሄዳሉ፤ አልፋውም ወደ 1 ይጠጋል። ማንም ያላነበበው መጠይቅ እጅግ አስተማማኝ ተብሎ ይጻፋል ማለት ነው። ይህን ኮምፒውተሩ አያውቅም። ሊያውቅ የሚችለው ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ያገላበጠ ሰው ነው።

ባለ ኮምፒውተሩ፦
ይህ ሁሉ የሰበሰበው ሰው ጥፋት ነው እንጂ ያሰላው ሰው ጥፋት አይደለም። ስሌት የባለሙያ ሥራ ነው የተባለውን አባባል አሁንም እደግፋለሁ፤ ናሙና መምረጥና መጠይቅ ማርቀቅ የተማሪው ሥራ ነው፣ ማስላት የባለሙያው ነው፤ ሁለቱን የምታደባልቁት እናንተ ናችሁ።

የታቦር ልጅ፦
እኛ አላደባለቅንም፤ በሥራው ላይ ተደባልቀው ስለሚገኙ ነው። ከ300 መጠይቅ 45ቱ ስለ ገቢ የቀረበውን ጥያቄ ሳይመልሱ ቢመጡ፣ ይውጡ ወይስ በአማካይ ይሞሉ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? ገቢያቸውን የደበቁት ነጋዴዎቹ ከሆኑ፣ እነርሱን ማውጣት የጥናቱን መልስ ይለውጠዋል። ይህን የሚያውቀው መናኸሪያ አካባቢ ሱቅ ለሱቅ የዞረው ተማሪ ነው፤ እርስዎ አልነበሩም። ሌላ ልጨምር። «አማካዩ 3.0 በመሆኑ አመለካከታቸው መካከለኛ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር በየጥናቱ አለ። ግማሾቹ 1፣ ግማሾቹ 5 ቢመልሱም አማካዩ ያው 3.0 ነው፤ በሁለት ጎራ የተከፈለ ሰፈር መካከለኛ ተብሎ ይጻፋል። ስርጭቱን ራሱ ያየ ተማሪ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

በአንድ ጥናት ውስጥ 40 ተዛምዶዎች ተፈትሸው የፒ ዋጋቸው (ግንኙነት ባይኖር ኖሮ እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ከ0.05 በታች የሆነው ሁለቱ ብቻ ተመርጠው «ጉልህ ግንኙነት ተገኝቷል» ሲባልም አንብቤያለሁ። ምንም ግንኙነት ባይኖር እንኳ ከ40 ሙከራ ሁለቱ ያህል በአጋጣሚ እንዲያ ሊወጡ ይችላሉ። የአሜሪካ የስታቲስቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መግለጫ የፒ ዋጋ መላ ምቱ እውነት የመሆኑን ዕድል እንደማይለካና ድምዳሜ በእርሱ ብቻ መወሰን እንደሌለበት አስታውቋል። ይህን ለደንበኛዎ ይነግሩታል ወይ?

ከአቶቴ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ክርክራችሁ ከመነሻው የተሳሳተ ነው። ሁሉም ተማሪ ቁጥር እንዲያመጣ ባይገደድ ኖሮ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደንበኛ አያገኝም ነበር። እኔ የማጠናው በኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሠሩ ወጣት ሴቶችን ነው። ስምንት ሆነው በአንድ ክፍል የሚያድሩበትን ምክንያት፣ ለቤተሰብ የሚልኩትን ገንዘብ ከምን ቆርጠው እንደሚያወጡት በአምስት ሣጥን ማግኘት አይቻልም። ቁጭ ብሎ መስማት ያስፈልጋል። ቃለ መጠይቅ የመረጠ ሰው ግን ቁጥር የፈራ ተደርጎ ይታያል።

መምህሩ፦
እህቴ፣ መስማት እንደሚያስፈልግ የሚክድ የለም። ነገር ግን ቃለ መጠይቅ ከቁጥር መሸሸጊያ እየሆነ መምጣቱም እውነት ነው። አሥራ ሁለት ሰው አናግሮ፣ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ሳይገለብጥ፣ መልሶቹን በጭብጥ ሳይመድብ፣ አስቀድሞ ያሰበውን የሚደግፉለትን ሦስት ንግግሮች መርጦ የሚያቀርብ ተማሪ ስንት ነው? በሲዳምኛ የተነገረው በአማርኛ ማስታወሻ ተይዞ በእንግሊዝኛ ሲጻፍስ፣ ተናጋሪዋ ያለችው ስለመሆኑ ማን አመሳከረ? ያኛውም መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያለ ሥርዓት ከተሠራ ከመጠይቁ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ስሕተቱን የሚያጋልጥ ሰንጠረዥ እንኳ የለውም።

ከአቶቴ፦
እኔ ሁሉንም ገልብጬ፣ ሲዳምኛውን በተናገሩት ቃል ይዤ ነው የምሠራው፤ ስለዚህ በሌሎች ስንፍና እኔን አይውቀሱኝ። ይልቅ እናንተ መልሱልኝ፤ እነዚህን ሴቶች በዕጣ ልምረጥ ብል ከየትኛው ዝርዝር ነው የማወጣው? በአገሪቱ የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ፓርኩ የተመረቀው በ2008 ዓ.ም. ነው። ተከራዮቹ በቀበሌ መዝገብ የሉም። ዝርዝር በሌለበት ከተማ ስለ እኩል የመመረጥ ዕድል ማውራት ምን ይጠቅማል?

መምህሩ፦
ይህ ከተነሱት ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ስለሆነ በአጭሩ ማለፍ አልፈልግም። ዝርዝር ከሌለ ዝርዝሩን አጥኚው ያዘጋጃል። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዲህ ነው የተሠራው፦ መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች ተመረጡ፤ ከዚያ በየቦታው ያሉት ቤተሰቦች እንደ አዲስ ተመዘገቡ፤ በመጨረሻም ከየዝርዝሩ 28 ቤተሰብ ተመረጠ። አንድ ተማሪ 645 ቦታ አይደርስም፤ ስድስት ብሎክ መርጦ የተከራይ ክፍሎችን ቤት ለቤት መመዝገብ ግን በሳምንት ውስጥ የሚቻል ነው። ሲሠራ ደግሞ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በአንድ ግቢ የሚኖሩ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ በዚህ መንገድ የተገኘ 300 ሰው ከመላው ከተማ በዕጣ እንደወጣ 300 ሰው አይቆጠርም፤ የስሕተት ወሰኑ ይሰፋል። ወረቀቱን በፌስታል የተቀበለ ባለሙያ ግን መረጃው እንዴት እንደተሰበሰበ ካልተነገረው በተራው መንገድ ያሰላዋል፤ ውጤቱም ከሚገባው በላይ እርግጠኛ መስሎ ይወጣል። ስሌቱንና አሰባሰቡን መለየት አይቻልም ያልነው ለዚህ ነው።

ባለ ኮምፒውተሩ፦
መምህር፣ የሚሉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን እነዚህን ነገሮች ክፍል ውስጥ ቢያስተምሯቸው ኖሮ እኔ ዘንድ አይመጡም ነበር። የስሌት ሶፍትዌሩን እንኳ አስቡት። ኤስፒኤስኤስ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚከፈልበትና ውድ ስለሆነ ተማሪው የሚጠቀመው ተሰብሮ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረውን ነው፤ ግማሹ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። መምህራኑ በነጻ የሚገኘውን አር የተባለውን ለምን አያስተምሩም?

የታቦር ልጅ፦
በዚህ እስማማለሁ። በኒውዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ሁለት መምህራን የጀመሩት አር በነጻ መገኘቱ ብቻ አይደለም ጥቅሙ፤ የተሠራው ሁሉ በትእዛዝ ተጽፎ ስለሚቀር ፈታኙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደግሞ ሊያስኬደው ይችላል። ስለዚህ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ ማንኛውም ተማሪ ጥናቱን ሲያስገባ ጥሬ መረጃውን፣ የተጠቀመበትን ትእዛዝና የተሞሉትን መጠይቆች አብሮ ያስረክብ። በመከላከያው ዕለትም አንዱን ሰንጠረዥ በፈታኞቹ ፊት እንደገና ይሥራው።

ከሐይቅ ዳር፦
ይህን ካደረጋችሁ እኛ መሙላት እናቆማለን። መጠይቁ ላይ ስም አይጻፍም ቢባልም አሥራ አራት ሠራተኛ ባለበት ቢሮ የሁሉም እጅ ጽሑፍ ይታወቃል፤ ዕድሜ፣ ጾታና የአገልግሎት ዘመን ተጽፎበት የማን እንደሆነ የማይለይ ወረቀት የለም። መልሳችሁ በምስጢር ይያዛል ተብለን የሞላነው ወረቀት በዩኒቨርሲቲ መጋዘን ሊቀመጥ አይገባም።

የታቦር ልጅ፦
ወረቀቱ ከተፈታኙና ከሁለት ፈታኞች ሌላ ማንም እንዳያየው አድርጎ ከመከላከያው በኋላ ማስወገድ ይቻላል።

ከሐይቅ ዳር፦
ከሁለቱ ፈታኞች አንዱ የእኛ ኃላፊ ወዳጅ ቢሆንስ? ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት። አልስማማም።

መምህሩ፦
የወንድማችን ሥጋት ከባድ ነው፤ ዕድሜና አገልግሎት ዘመን በምድብ እንጂ በቁጥር ባይጠየቅ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ለባለ ኮምፒውተሩ አለኝ። ከሚመጡልዎት መጠይቆች መካከል አንድ ሰው ተቀምጦ በአንድ እስክሪብቶ እንደሞላቸው የሚያስታውቁ አይተው ያውቃሉ?

ባለ ኮምፒውተሩ፦
አይቻለሁ። ዳታ ስናስገባ በአሥረኛው ወረቀት ላይ ይታወቃል። ይህን አልሠራም ብዬ የመለስኳቸው አሉ፤ ከእኔ ወጥተው ማዶ ወዳለው ቤት ነው የገቡት።

መምህሩ፦
እንግዲያው ከአማካሪውም ከፈታኙም አስቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ለምን ዝም ይላሉ?

ባለ ኮምፒውተሩ፦
ለማን ልናገር? የሚከፍለኝ ተማሪው ነው። አማካሪዎቹም ምዕራፍ አራት ሲደርሳቸው ስሕተት የሚያርሙት በፊደልና በገጽ ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ የተሞላውን መጠይቅ አምጣ ያለ አንድ አማካሪ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

መምህሩ፦
እኔ እጠይቃለሁ።

ባለ ኮምፒውተሩ፦
እርስዎ ይጠይቁ ይሆናል፤ እኔ የምናገረው ስለ ብዙዎቹ ነው። ተናጋሪው በመድረክ ያሉትን የሚደግፉት ብዙ የሆኑትም ለዚህ ነው።