የኤሊዋ ውበት መልእክቷን ሸፈነብኝ፤ ምን ባደርግ ይሻላል?

ከውቅያኖስ ዳርቻ በለቀምኋቸው የጠርሙስ ክዳኖች፣ የመረብ ቁራጮችና የተሰባበሩ ባልዲዎች የአንዲት የባሕር ኤሊ ቅርጽ እየሠራሁ ነው። ቁርጥራጮቹን ያያያዝሁት በሽቦ ነው፤ አብዛኛው ጠንካራ ሙጫ ራሱ ፕላስቲክ ነውና። ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ያልጠበቅሁት ችግር ገጠመኝ፤ እንዲያዩት የጋበዝኋቸው ሰዎች በቀለሞቹ ተማርከው ፎቶግራፍ ተነሡ እንጂ ይህ ሁሉ ፕላስቲክ ከየት እንደ መጣ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ ክሪስ ጆርዳን እ.ኤ.አ. በ2009 በሰሜን ፓስፊክ ውቅያኖስ በምትገኘው በሚድዌይ ደሴት ሞተው ያገኛቸውን አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ጫጩቶች፣ በሆዳቸው የተከማቸውን ፕላስቲክ ከነበረበት ሳያንቀሳቅስ ፎቶግራፍ አንሥቷቸዋል። የምስሎቹ ኃይል ከዚህ ታማኝነት የመነጨ ይመስለኛል፤ እኔ ግን ቆሻሻውን አስውቤ አቀረብሁት።

ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ለዓይን የማይጎላው ጉዳት ነው። ፕላስቲክ በፀሐይ ጨረርና በማዕበል እየተሰባበረ ከ5 ሚሊ ሜትር ወደሚያንስ ብናኝ ይለወጣል እንጂ በቀላሉ በስብሶ ስለማይጠፋ፣ ዓሣዎችና ዛጎል ለበስ እንስሳት ከምግባቸው ጋር ይውጡታል። ብናኙን በመስታወት ዕቃ አድርጌ ከኤሊዋ ሥር ባስቀምጠው ከርቀት ተራ አሸዋ መሰለ።

ስለዚህ በቅርጻ ቅርጽ ወይም በኤግዚቢሽን ዝግጅት ልምድ ያላችሁ ወገኖች፣ ተመልካቹ ከማድነቅ አልፎ ስለ ፕላስቲኩ እንዲጠይቅ የሚያደርገው የአቀራረብ፣ የብርሃን ወይም የጽሑፍ መግለጫ ዘዴ ምን እንደሆነ፣ ብናኙንስ እንዴት ጎልቶ እንዲታይ ማድረግ እንደሚቻል እንድታማክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። አስፈላጊ ከሆነ ኤሊዋን ፈትቼ እንደ አዲስ ለመሥራት ዝግጁ ነኝ።