ቁልፉ ገብቶ በሩ የማይከፈተው ለምንድን ነው?

እባካችሁ የገባችሁ አስረዱኝ፣ መድኃኒት ሪሴፕተርን (ሴል ላይ ያለ፣ መልእክት የሚቀበል ፕሮቲን) እንዴት እንደሚያነቃ እያነበብኩ ሦስት ቀን ሙሉ እዚሁ ላይ ተቸክዬ ቀርቻለሁ። አድሬናሊን የልብ ሴል ሽፋን ላይ ያለውን ቤታ 1 የሚባል ሪሴፕተር ሲይዝ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል። ፕሮፕራኖሎል የሚባለው የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ይቀመጥና አድሬናሊኑን መግቢያ ያሳጣዋል። እስከዚህ ድረስ የሚይዘውን ነገር እንደ ቁልፍ፣ ሪሴፕተሩን እንደ በር የሚያየው ምሳሌ ይሠራል።

ግራ የገባኝ ቡፕረኖርፊን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ላይ ስደርስ ነው። የኦፒዮይድ ሪሴፕተሩን (እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች የሚይዙትን) ከሞርፊን በላይ አጥብቆ ይይዛል፣ የሚያስነሳው ምላሽ ግን በከፊል ብቻ ነው። እንዲህ አጥብቆ ከያዘው ለምን ሙሉ በሙሉ አያነቃውም? የመያዝ ጥንካሬና የማንቃት አቅም የተለያዩ ናቸው ይላል መጽሐፉ፣ እሺ፣ ግን ሪሴፕተሩ ውስጥ የሚለወጠው ምንድን ነው? ቅርጹ ነው? አዲስ መድኃኒት የሚሠሩ ሰዎችስ ከሁለቱ የትኛውን ነው አስቀድመው የሚለኩት? ነገሩን በደንብ ሳልረዳው ማለፍ አልፈልግም፤ በሥዕል የምታሳዩኝ ካላችሁ በጣም ነው የማመሰግነው።