ጥቁር ቮልስ አቧራ ላይ ስትውል፦ ቀለሟን ሳልጭር እንዴት ላጽዳት?

የቮልሷ ልጅ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከአባቴ የወረስኳት ጥቁር ቮልስ አለችኝ። በፈረንጅ አቆጣጠር የ1966 ሞዴል ናት። ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ የሚያስጨንቀኝ ቀለሟ ነው። አባቴ በሕይወት እያለ የምታድረው ጣሪያ ሥር ነበር። እኔ አሁን ገርጂ ነው የምኖረው። ግቢው ክፍት ነው፣ ጎናችን ደግሞ ፎቅ እየተሠራ ነው። ጠዋት አጥቤያት ከወጣሁ ማታ ስመለስ ኮፈኗ ላይ በጣት ስም ይጻፋል።

ባለፈው ወር መንገድ ዳር መኪና ለሚያጥብ ልጅ ሰጠኋት። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ጠረገው። ከዚያ በአንድ ባልዲ ውሃና በዱቄት ሳሙና አጠባት። ጥላ ውስጥ ሳያት ታበራ ነበር። በማግስቱ ፀሐይ ላይ ሳቆማት ግን ደነገጥኩ። ብርሃኑ ባረፈበት ቦታ ሁሉ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ሞልቷል።

ጭረቱን ላጥፋ ብዬ ኮምፓውንድ የሚሉትን ቀለም ማሻሻ ቅባት ገዛሁና በሩ ላይ ትንሽ ሞከርኩ። ጨርቁ ከሰል የነካ መሰለ። ቀለሙን እየላጥኩት ይሆን ብዬ ወዲያው ተውኩት። ሌላው፣ ፓራፋንጎው ላይ ከፎቁ የተረጨ ሲሚንቶ ደርቆ ቀርቷል። በምን ይነሳል? ደግሞስ ላስቲክ ላልብሳት ወይስ ይቅርባት? አባቴ ይቺን መኪና እንደ ልጅ ነበር የሚይዛት። እኔ እጅ ላይ እንድትበላሽ አልፈልግም።

ሁለት ባልዲ

እህቴ፣ አይዞሽ። የገለጽሽው ጭረት አብዛኛውን ጊዜ ላይ ላዩን ነው። መጀመሪያ ግን እንዳይጨመር እናድርግ። ጭረቱን የፈጠረው ሳሙናው አይደለም፣ ያ ደረቅ ጨርቅ ነው። የአዲስ አበባ አቧራ ውስጥ አሸዋ አለ። ግንባታ አጠገብ ደግሞ የድንጋይ ብናኝ ይጨመርበታል። በደረቁ ስትጠርጊው በብርጭቆ ወረቀት እንደማሸት ነው። ነጭ መኪና ላይ ቢሆን ማንም አያየውም ነበር፤ ጥቁር ግን ምንም አይደብቅም።

ስለዚህ ደረቅ አቧራ ላይ እጅሽንም ጨርቅሽንም አታሳርፊ። የላባ መጥረጊያም ቢሆን። ውሃ ይቅደም።

እኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው የውሃ ጎማ ይዤ ማጠብ አልችልም። የእርሻ መድኃኒት የሚረጭበትን በእጅ የሚነፋ መርጫ አዲሱን ገዛሁ። አዲስ መሆን አለበት፣ መድኃኒት የነካውን እንዳትሞክሪ። ውሃ ሞልቼ ከጣሪያዋ ጀምሬ እስከ ታች እረጫለሁ። አምስት ደቂቃ ያህል እተወዋለሁ። ይርሳል፣ ይለቃል። ደግሜ ረጭቼ አወርደዋለሁ። አብዛኛው ቆሻሻ ሳይነካ ይሄዳል።

ቀጥሎ ሁለት ባልዲ። አንዱ የመኪና ሻምፖ ያለበት፣ ሌላው ንጹህ ውሃ። የንጹሁ ባልዲ ሥር የፕላስቲክ ማጥለያ ደፍቼ አስቀምጣለሁ። ማይክሮፋይበር ጓንቱን ሻምፖው ውስጥ ነክሬ አንድ ክፍል አጥባለሁ፣ ከዚያ ንጹሁ ውሃ ውስጥ ማጥለያው ላይ አሸት አድርጌ አሸዋውን አራግፋለሁ። ከዚያ ወደ ሻምፖው እመለሳለሁ። የመጀመሪያ ቀን ስጨርስ የንጹሁን ባልዲ ሥር በእጄ ዳሰስኩት፤ ሻካራ አሸዋ ነው የነካሁት። ድሮ ያን ሁሉ መልሼ መኪናዬ ላይ እያሸሁት ነበር ማለት ነው።

እጥበት ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች ይሁን። ጎማና የፓራፋንጎ ሥር በሌላ ጨርቅ፣ መጨረሻ ላይ።

የጥንት ቀለም

ልጄ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ነኝ። ጨርቁ መጥቆሩ አያስደንግጥሽ፣ ግን ትርጉሙን እወቂ። የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ክሊር የሚባል ግልጽ ሽፋን አላቸው። ፖሊሽ ስታደርጊ የምትነኪው ክሊሩን ስለሆነ ጨርቁ ቀለም አይዝም። ያንቺ ዘመን ቮልስ ክሊር የላትም። ጨርቁ ላይ ያየሽው ራሱ ቀለሙ ነው። ላይኛው ሽፋን በፀሐይ ደርቆ፣ ፈዞ ስለነበር በቀላሉ ለቀቀ። ያ መጥፎ አይደለም፤ ሥሩ ያለው ጥቁሩ ገና ጤነኛ ነው።

መጥፎ የሚሆነው ሲደጋገም ነው። የፋብሪካ ቀለም ከነመሠረቱ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። በየወሩ ኮምፓውንድ ካሸሽበት በጥቂት ዓመት ላሜራው ብቅ ይላል። ስለዚህ ሻካራውን ኮምፓውንድ አስቀምጪው። ለስላሳ፣ ዘይትነት ያለው ፖሊሽ ፈልጊ። የደረቀ ቀለም ዘይቱን ይጠጣል። ወፈር አድርገሽ ቀቢው፣ ለሰዓታት ተይው፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ በእጅሽ ጥረጊው። ድምቀቱ ሲመለስ ታይዋለሽ።

የፖሊሽ ማሽን አትንኪ። በተለይ የኮፈኑ መሀል ላይ ያለው ጠርዝና የፓራፋንጎዎቹ ጫፍ ላይ ቀለም ስስ ነው። ስንረጭ ከጠርዝ ላይ ይሸሻል። ማሽኑ እዚያ ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢቆም ቀለሙን ለመላጥ ይበቃዋል። ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነሽ ሥሪ።

ሁሉንም ጭረት ላጥፋ ብለሽም አትነሺ። ጥልቅ ያለውን ተይው። ኦሪጅናል ቀለም አንድ ጊዜ ከሄደ፣ እኔ ምንም ያህል አሳምሬ ብቀባልሽ ያው ኦሪጅናል አይሆንም።

አንድ ነገር አረጋግጪልኝ። በሩን ክፈቺና የበሩን መቀመጫ ጎን እይ። ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ነው። ጥቁሩ ከውጩ ጋር አንድ ዓይነት ነው ወይስ ሌላ ቀለም ከሥር አለ?

የቮልሷ ልጅ

ጋሼ፣ አሁን ወጥቼ አየሁት። ያው ጥቁር ነው፣ ሌላ ቀለም የለም። ውስጡ ግን እንዴት ያምራል መሰልዎት! የውጩ ከእሱ ጋር ሲተያይ ግራጫ ነው የሚመስለው።

የጥንት ቀለም

እንግዲያው አባትሽ ጠብቀውልሻል። የፋብሪካው ነው ብዬ እገምታለሁ። የበሩን ጎን እንደ መለኪያ ያዢው። ፖሊሽ ስታደርጊ ወደዚያ እስኪጠጋ እንጂ ከዚያ በላይ አትፈልጊ።

የድሮ ሹፌር

እኛ በደጉ ዘመን ጨርቅ ናፍጣ ነክረን እናብሳት ነበር። መስታወት ነው የምትመስለው። ይሄ ሁሉ ባልዲና ጓንት ምን ያደርጋል? ሞክሪው ልጄ።

የጥንት ቀለም

ወንድሜ፣ እኔም በልጅነቴ አድርጌዋለሁ፤ ስለዚህ በፍቅር ነው የምነግርህ። ናፍጣ ሲነካው ያበራል፣ ምክንያቱም ቅባት ነው። ግን አቧራን ይስባል፣ ማታ ላይ ከጠዋቱ የባሰ ትቆሽሻለች። ያን በደረቅ ጨርቅ ስትጠርገው ደግሞ ጭረት። ከሁሉ በላይ የመስኮትና የበር ጎማዎቹን ያሳብጣቸዋል፣ ያላላቸዋል። ከዚያ በኋላ ውሃ ወደ ውስጥ መግባት ይጀምራል።

ሲሊኮን ያለበት ማብሪያም ይቅር። ወደፊት የሆነ ቦታ መቀባት ቢያስፈልግ አዲሱ ቀለም አይይዝም፣ ትንንሽ ጉድጓድ እየሠራ ይሸሻል። እሱን ማጽዳት ለእኛ መከራ ነው።

ከቨርጂኒያ

እዚህ ያሉ የቮልስ ወዳጆች ጋር ብዙ ቅዳሜ አሳልፌያለሁ፤ አዲስ አበባም ወንድሜ ጋ አንድ ቮልስ አለን። ሰምን አትርሺ። ጋሼ የነገሩሽ ፖሊሽ ያድሳል፣ የሚጠብቀው ግን ሰም ነው። ክሊር የሌለው ቀለም ከፀሐይ የሚለየው ሌላ ነገር የለውም። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሰው አይታወቀውም እንጂ ቀለሙ ይቃጠላል።

ካርናውባ የሚባለው ከብራዚል ዘንባባ የሚገኘው ሰም ለጥቁር በጣም ይሄዳል። ስስ አድርጊው። ውጪ የምታድር ከሆነ በሁለት ወር አንዴ ድገሚው። ማለቁን የሚነግርሽ ውሃ ነው፤ ሰም ካለ ጠብታው ክብ ሆኖ ይንከባለላል፣ ካለቀ ተዘርግቶ ይተኛል። የእቃ ማጠቢያ ሳሙናና የዱቄት ሳሙና ሰሙን ጠርገው ስለሚወስዱ በመኪና ሻምፖ ብቻ እጠቢ።

ከሰሙ በፊት አንድ ሙከራ አድርጊ። ታጥባ ከደረቀች በኋላ እጅሽን ስስ ፌስታል ውስጥ አስገቢና ኮፈኑን በቀስታ ዳስሺው። ሻከር ካለሽ የተተከለ ነገር አለ። አካባቢሽ የብረት በር የሚሠራበት ቦታ ካለ የግራይንደር ብናኝ ቀለም ላይ ይተከልና ዝገት መሳይ ነጥብ ይሠራል። እሱን የሚያነሳው ክሌይ የሚሉት እንደ ሊጥ የሚለሰልስ ነገር ነው። ሁልጊዜ ውሃና ሻምፖ እያረጠብሽ ታንሸራትቺዋለሽ። መሬት ከወደቀ ጣይው፤ አሸዋ ይዞ ይነሳል።

ጎን ለጎን ግንባታ

የሲሚንቶውን እኔ ልመልስ፣ ሁለት ዓመት የኖርኩበት ነው። ትኩስ ከሆነ በብዙ ውሃ ወዲያው ይወርዳል። የደረቀውን በቢላም በጥፍርም እንዳትፍቂው። ነጭ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ደባልቂ። ትንሽ ጨርቅ ነክረሽ ነጥቡ ላይ ብቻ አስቀምጪ፣ ሲደርቅ ደግመሽ አርጥቢ። ሲሚንቶው እየፈረሰ ይመጣል። በግድ አትንቀዪው፤ እምቢ ካለ ድገሚው። ክሮምና አሉሚኒየም አጠገብ ተጠንቀቂ። ስትጨርሺ በደንብ አለቅልቂው፣ ሰሙንም መልሺበት፤ አቼቶ ሰም ይወስዳል።

የወፍ ኩስም እንደዚሁ ነው። ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙን ይበላል፣ ምልክቱም አይጠፋም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጊበት፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ አንሺው እንጂ አትሺው። እኔ አንድ ጠርሙስ ውሃና ጨርቅ ሁልጊዜ መኪና ውስጥ አለኝ።

ላስቲክ? በፍጹም። ክረምት ላይ እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ቀለሙ ይኮፈሳል፣ ሥሩ ይዝጋል። የጨርቅ ልብስም ቢሆን የሚለበሰው ለታጠበችና ለደረቀች መኪና ብቻ ነው። አቧራ ላይ ካለበስሻት ነፋሱ ልብሱን ቀኑን ሙሉ ያሽባታል። አቅምሽ ከቻለ አራት ምሰሶና ቆርቆሮ ይሻልሻል።

የሰፈር መካኒክ

ሰው ሁሉ ስለ ማብራት አወራ፤ ቮልስን የሚገድላት ግን የተደበቀ እርጥበት ነው። ፓራፋንጎው ከቦዲው የሚገናኝበት መሀል ጎማ አለ። እዚያ ጭቃ ይቀመጣል፣ ውሃ ይይዛል፣ ላሜራው ከውስጥ ይበላል። በለስላሳ ብሩሽና በውሃ አውጪው። ከበሩ ሥር መርገጫው ቦዲውን የሚነካበትም እንደዚያው።

ላቫጆ ከወሰድሻት ከኋላ መስኮቱ ሥር ባሉት ቀዳዳዎች ላይ በግፊት ውሃ እንዳይለቁ ቆመሽ ተቆጣጠሪ። ሥሩ ሞተር ነው ያለው። ለሻማዎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ከረጠበ አትነሳልሽም። ከእጥበት በኋላ በሮቹን ከፍተሽ አናፍሻት፣ ከዚያ አንድ ዙር ንጂያት። ሞቃ ስትመለስ የቀረው ውሃ ይደርቃል።

ኮፈኑ ትኩስ ሆኖ፣ ፀሐይ ላይ አትጠቢ። ውሃው ሳትጠርጊው ደርቆ ነጭ ክብ ይተዋል፣ ጥቁር ላይ ደግሞ ከሩቅ ይታያል።

ሁለት ባልዲ

መካኒኩ ያነሳው ነጭ ክብ በጉድጓድ ውሃ ይብሳል። ክረምት ላይ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ዝናብ አጠራቅሚ። የመጀመሪያው ውሃ የጣሪያውን አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ይፍሰስ። ከዚያ በኋላ ያለውን በርሜል ውስጥ አሳድሪው፣ ዝቃጩን ሳትነኪ ከላይ ቅጂ። ለማለቅለቅ ከዚህ የተሻለ ውሃ አላገኘሁም።

የቮልሷ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው።

መርጫውን ገዛሁ። ሲሚንቶው በአቼቶ አራት ጊዜ ተደጋግሞ ለቀቀ፤ ሥሩ ትንሽ የፈዘዘ ምልክት ቀርቷል፣ አልነካሁትም። የፓራፋንጎው ጎማ መሀል በብሩሽ ስገባ አንድ እፍኝ ጭቃ ወጣ። ጋሼ እንዳሉኝ የግራ በሩን ብቻ በእጄ ፖሊሽ አደረግኩት። ማታ ቀብቼ ጠዋት ጠረግኩት። ጨርቁ ጠቆረ፣ በዚህ ጊዜ ግን አልደነገጥኩም። በሩን ከፍቼ ጎኑን ከውጩ ጋር ሳስተያየው ሊገናኝ ምንም አልቀረውም። ያ የሸረሪት ድርም በጣም ቀንሷል።

አሁን የቀኝ በሩና ኮፈኑ ቀርቶኛል። እሑድ ጠዋት ፀሐይ ሳይጠነክር እጀምራለሁ። ለምሰሶውና ለቆርቆሮው ከአከራዬ ጋር ተነጋግረናል፣ ፈቅደዋል። ጋሼ፣ የኮፈኑን ጠርዝ ስሸፍን ፕላስተሩ ስንት ጣት ስፋት ይኑረው?

የጥንት ቀለም

ሁለት ጣት ይበቃል። ሥራሽን ስትጨርሺ ቶሎ አንሺው፣ ፀሐይ ላይ አይዋል፤ ሙጫው ይቀራል። ስታነሺውም ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፈሽ፣ ቀስ ብለሽ።