«መጣሁ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ሰላም ወገኖቼ፣ እስቲ እርዱኝ። አሜሪካ ከመጣሁ 7 ወሬ ነው። ቨርጂኒያ፣ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ቃላት መሸምደድ አያቅተኝም፤ አጠቃቀሙ ነው ያስቸገረኝ።

ባለፈው ፎጣ ላመጣ ስወጣ አለቃዬን «አይ ኬም» አልኳት። እኛ «መጣሁ» ብለን አይደል የምንወጣው? ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ታየኛለች። ለካ «አይል ቢ ራይት ባክ» ነው የሚባለው። ቴሌቪዥንም እንደኛ «ኦፕን» አይደረግም፣ «ተርን ኦን» ነው። «ኦፕን» ለበርና ለመስኮት ነው አሉኝ። ይሁን፣ ይሄስ ገባኝ።

የማይለቀኝ «ቦሮው» እና «ሌንድ» ነው። እኛ ተዋሰ፣ አዋሰ ብለን በአንዲት ፊደል እንገላገላለን። እነሱ ሁለት የማይገናኙ ቃላት አላቸው። ተቀባዩ «ቦሮው»፣ ሰጪው «ሌንድ» እንደሚል አውቃለሁ። እስክሪብቶ ስፈልግ ግን ከአፌ የሚወጣው «ቦሮው ሚ» ነው! «ኪችን» እና «ቺክን»ማ አይነሳ። አንዴ በስልክ «ዶሮ ውስጥ ነኝ» ብያለሁ።

ሰዓትም አለ። «ሰቨን» ሲሉኝ በሆዴ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብዬ ካልተረጎምኩ አይገባኝም። እስክተረጉም ወሬው ያልፈኛል።

እባካችሁ፣ በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ። ቃሉን ለብቻው ልያዝ ወይስ ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ? ማታ 4 ሰዓት ነው ቤት የምገባው፣ ክፍል ገብቼ መማር አልችልም። አውቶቡስ ላይ ግን 40 ደቂቃ አለኝ። በእሷ ምን ልሥራ?